የማይታየውን መስፈር፦ የጨረር ልኬት ታሪክ



ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የጤና ምርመራ ያደረገ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ደረትህን ከሰሌዳው ታስጠጋለህ፣ «ትንፋሽ ያዝ» ትባላለህ፣ ወዲያው «ጨርሰሃል» ይሉሃል። አይሞቅም፣ አያምም፣ አይሸትም። ሆኖም በዚያች ቅጽበት ጨረር በሰውነትህ ውስጥ አልፏል። ምን ያህል? ዛሬ ይህ ጥያቄ በቁጥር መልስ አለው። ቁጥሩ እስኪገኝ ድረስ ግን ብዙ ሰው ጣቱን፣ እጁን፣ ሕይወቱንም ጭምር ከፍሏል። የዛሬው ጽሑፋችን የዚህ ቁጥር ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ቆዳ መለኪያ በነበረበት ዘመን

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርዝቡርግ ከተማ ነው። በሚቀጥለው ወር የባለቤቱን እጅ አነሳ። የጣቶቿ አጥንትና ቀለበቷ ቁልጭ ብለው ታዩ። በጥቂት ወራት ውስጥ የብዙ አገር ሐኪሞች ራጅን መጠቀም ጀመሩ።

ማሽኑ ነበር፣ መለኪያው ግን አልነበረም። ሐኪሞች መሣሪያው በደንብ መሥራቱን ለማረጋገጥ የገዛ እጃቸውን ከፊቱ ዘርግተው አጥንታቸውን ያዩ ነበር። ራጅን ለሕክምና ሲጠቀሙበት ደግሞ መለኪያው የታማሚው ቆዳ ሆነ። ቆዳው ከቀላ መጠኑ ደርሷል ማለት ነው።

ችግሩ ቆዳ ምስክርነቱን የሚሰጠው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ዋናው መቅላት የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ካንሰሩ ደግሞ ከዓመታት በኋላ። የታዋቂው ፈልሳፊ የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ለዓመታት እጁን ከጨረሩ ፊት ሲያደርግ ኖረ። እጆቹ ቆሰሉ፣ ቁስሉ ወደ ካንሰር ተለወጠ፣ ሁለቱም ተቆረጡ። በ1904 ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። ኤዲሰንም ከዚያ ወዲያ በራጅ መሥራት አልፈለገም።

2. ቀለም የምትቀይረው ቅንጣት

ከቆዳ የተሻለ መለኪያ ፍለጋ ተጀመረ። በ1902 የቪየናው ሐኪም ጊዶ ሆልትስክኔክት ጨረር ሲያርፍበት ቀለሙን የሚቀይር ኬሚካል ለመለኪያነት አቀረበ። በ1904 ደግሞ በፓሪስ የቆዳ ሐኪሙ ሳቡሮ ከባልደረባው ኑዋሬ ጋር ክኒን የምታክል ቅንጣት ሠራ። ቅንጣቷ ጨረር ሲያገኛት ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ትለወጣለች።

ሳቡሮ በራጅ ያክም የነበረው የልጆችን ቆረቆር ነው። መጠኑ ካነሰ ጸጉሩ አይረግፍም፣ ሕመሙም አይለቅም። ከበዛ ደግሞ ጸጉሩ ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ ቅንጣቷ የተወሰነው ቀለም ላይ ስትደርስ ማሽኑ ይጠፋል። ጥሩ ዘዴ ነበር፣ ግን የሁሉም ሰው ዓይን አንድ አይደለም። አንዱ «ደርሷል» ያለውን ቀለም ሌላው «ይቀረዋል» ይላል። ቅንጣቷም ብርሃን ላይ ስትቆይ ቀለሟ ይመለሳል።

መለኪያ ካበጁት ቀዳሚዎች አንዱ የሆነው ሆልትስክኔክት ራሱ ከጨረሩ አላመለጠም። በጨረር በመጣ ካንሰር እጁን አጥቶ በ1931 ሞተ። በ1936 በጀርመኗ ሐምቡርግ በአንድ ሆስፒታል ግቢ ለእንደዚህ ዓይነቶቹ ባለሙያዎች መታሰቢያ ሐውልት ቆመ። መጀመሪያ የተቀረጹበት ስሞች 169 ነበሩ። በኋላም ብዙ ስሞች ተጨመሩ።

3. አንድ መስፈሪያ ለሁሉም

እስከ 1920ዎቹ ድረስ ሁሉም በየራሱ ይለካ ነበር። አንዱ በቁና፣ ሌላው በጣሳ የሚሰፍርበት ገበያ በሉት። አንድ ሐኪም «በዚህ መጠን ታማሚዬ ዳነ» ብሎ ቢጽፍ ሌላ አገር ያለው ሐኪም ያንኑ መጠን መልሶ መስጠት አይችልም።

መፍትሔው ከአየር መጣ። ጨረር በአየር ውስጥ ሲያልፍ አየሩ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል፤ ያንን ኤሌክትሪክ ደግሞ በትክክል መለካት ይቻላል። የዓለም የራጅ ሐኪሞች በ1925 ለንደን ላይ ተሰብስበው የልኬት ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1928 ስቶክሆልም ላይ «ሮንትገን» የተባለውን መስፈሪያ አጸደቁ። በዚያው ጉባኤ ባለሙያዎችን ከጨረር የሚጠብቅ ዓለም አቀፍ ኮሚቴም ተመሠረተ።

4. አንድ ፉት ሻይ

አየር ግን ሥጋ አይደለም። ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው በታማሚው ሰውነት ውስጥ የቀረውን ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት መስፈሪያ በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት በሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ ስም የተሰየመው «ግሬይ» ነው። በ1975 የጸደቀው ይህ መስፈሪያ በአንድ ኪሎ ሥጋ ውስጥ አንድ ጁል ኃይል ሲቀር አንድ ግሬይ ይባላል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። መላ ሰውነቱ በአንድ ጊዜ 4 ግሬይ ያህል ጨረር የደረሰበት ሰው ሕክምና ካላገኘ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ያ ኃይል ወደ ሙቀት ቢለወጥ ግን አንድ ፉት ትኩስ ሻይ ከሚሰጠን አይበልጥም። ቴርሞሜትር አያገኘውም፣ እኛም አይሰማንም። ጉዳቱ ከሙቀቱ ሳይሆን በሴሎቻችን ውስጥ ከሚበጠሰው ነገር ነው። «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ለአደጋው ግምት ደግሞ በስዊድናዊው ሮልፍ ሲቨርት ስም የተጠራው «ሲቨርት» አለ። ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ የሚደርሰን ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ነው። አንድ የደረት ራጅ በተለምዶ ከ0.1 ሚሊሲቨርት አይበልጥም፤ የጥቂት ቀናት የተፈጥሮ ጨረር ማለት ነው። የደረት ወይም የሆድ ሲቲ ስካን ግን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሲቨርት ይደርሳል። ሁለቱም «ራጅ» ቢባሉም መጠናቸው የትና የት ነው።

5. 18 ሰከንድ ወይስ 30?

በካንሰር ሕክምና መጠኑ ከዚህ ሁሉ እጅግ ይልቃል። ብዙ ጊዜ በቀን 2 ግሬይ፣ በጠቅላላው 50 ወይም 60 ግሬይ ዕጢው ላይ ብቻ ተነጣጥሮ ይሰጣል። ካነሰ ካንሰሩ ይተርፋል፣ ከበዛ ጤነኛው አካል ይቃጠላል። ስለዚህ ስሕተቱ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይፈለጋል።

ለዚህ ሕክምና ከሚያገለግሉት አንዱ የኮባልት ማሽን ነው። ለረጅም ዓመታት የአገራችን ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል በነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሲያገለግል የኖረው እሱ ነው። ኮባልቱ በ5 ዓመት ከሩብ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በየጊዜው ይቀየራል፤ በተቀየረ ቁጥርም እንደ አዲስ ይለካል።

በኦገስት 1996 በኮስታ ሪካ ዋና ከተማ በሳን ሆሴ ኮባልቱ ተቀየረና ተለካ። የማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው በደቂቃ ክፍልፋይ ነበር። 0.3 ደቂቃ ማለት 18 ሰከንድ ነው። ልኬቱ ሲሠራ ግን 30 ሰከንድ ተብሎ ተወሰደ። በ18 ሰከንድ የወጣው ጨረር በ30 ሰከንድ የወጣ ሲመስል አዲሱ ኮባልት ከእውነተኛው ኃይሉ ደካማ መስሎ ታየ። ስለዚህ እያንዳንዱ ታማሚ ከሚገባው በላይ ማሽኑ ሥር እንዲቆይ ተደረገ። ነገሩ ታውቆ እስኪቆም ከወር በላይ ፈጀ። 115 ታማሚዎች ከታዘዘላቸው ከ50 እስከ 60 በመቶ የሚበልጥ ጨረር ተቀበሉ። በዚሁ ምክንያት የሞቱም አሉ። ማሽኑ አልተበላሸም ነበር። የጠፋው ቁጥሩን እንደገና ለብቻው የሚለካ ሁለተኛ ሰው ነው።

ለዚህ የሚሆን አሠራር በዓለም ላይ አለ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 ጀምረው ለሆስፒታሎች ትናንሽ የጨረር መለኪያዎችን በፖስታ ይልካሉ። ሆስፒታሉ «2 ግሬይ ነው» ያለውን ጨረር ሰጥቶ ይመልሳቸዋል። በኦስትሪያ ያለው ቤተ ሙከራ ደግሞ በእርግጥ ስንት እንደደረሳቸው ያነባል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ምክንያቱ ይፈለጋል።

6. ለኛ ምን ይጠቅመናል?

አንደኛ፣ የታዘዘልንን አስፈላጊ ምርመራ በፍርሃት አንተው። ሁለተኛ፣ ሲቲ ስካን ሲታዘዝ «ለምን አስፈለገ?» ብሎ ሐኪሙን በአክብሮት መጠየቅ መብታችን ነው። ሦስተኛ፣ የድሮ ፊልሞቻችንን አንጣል፤ ይዘን ከሄድን ምርመራው ላይደገም ይችላል። አራተኛ፣ እርጉዝ የሆነች ወይም የምትጠራጠር እህት ክፍሉ ከመግባቷ በፊት ትናገር።

ፊዚክስ ለምትወዱ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ቃል። ይህን ልኬት የሚሠሩት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ይባላሉ። ታማሚው አያያቸውም፣ ስማቸውንም አያውቅም። የእህል ነጋዴ ሚዛኑ ቢዛባ ገዢው መልሶ ያስመዝናል። እዚህ ግን የሚሰፈርለት ሰው ማስመዘን አይችልም። ስለዚህ አማናው ሙሉ በሙሉ በሰፋሪው ላይ ነው። ያንን አማና የሚሸከም ሰው አገራችን ትፈልጋለች።

ጽሑፉን ላልደረሳቸው አድርሱ።