«ሶቫዥ» የሚለው የፈረንሳይኛ ቅጽልና የደቡብ ምዕራብ ቡና

በፈረንሳይኛ ቋንቋ ዘወትር ከሚነገሩት ቅጽሎች አንዱ «ሶቫዥ» ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ብቻውን ስለማይተካው ትርጉሙን በየፈርጁ መመልከት ያስፈልጋል። ምንጩ «ሲልቫ» የሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ፍችው ደን ማለት ነው፤ ስለዚህ «ሶቫዥ» በመጀመሪያ «የደን የሆነ» ማለት ነበር። ከዚህም ልዩ ልዩ ትርጉሞች ወጡ፤ ይኸውም ስለ እንስሳ ሲነገር ያልተገራ፣ ስለ ተክል ሲነገር ሰው ሳይዘራው የበቀለ፣ ስለ ሰው ሲነገር ከሰው የሚሸሽ ወይም ጨካኝ ማለት ነው። በኋላም ያለ ፈቃድ ለሚደረግ ነገር ዋለ፤ ማኅበሩ ያልፈቀደው የሥራ ማቆም አድማ «ግሬቭ ሶቫዥ» ይባላል። የእኛም ቋንቋ ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ከ«ዱር» «ዱርዬ» ወጥቷልና።

ቃሉ ወደ አገራችን ጉዳይ የሚገባው በቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ጊዮሜና አሌ የተባሉ ፈረንሳውያን የዕፅዋት ሊቃውንት ወደ ኢትዮጵያ ተልከው የቡና ዘር ሰብስበዋል። በደን የበቀለውን ቡና የፈረንሳይኛ ጽሑፎች «ካፌዬ ሶቫዥ» ይሉታል።

አባባሉ እስከ ምን ድረስ እውነት ነው? በቴፒና በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ይበቅላል፤ በዚህ ረገድ ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በብዙ ስፍራ ገበሬው ቁጥቋጦውን ይመነጥራል፣ የበዛውን ጥላ ያሳሳል፣ ከደኑ ችግኝ ነቅሎ በባዶው ቦታ ይተክላል። በሸካ ደግሞ «ኮቦ» በሚባለው ልማድ ደኑ በየባለይዞታው የተከፈለ ሲሆን፣ ባለይዞታው ቀፎውን የሚሰቅለው በራሱ ክልል ነው።

እንግዲህ «ሶቫዥ» የሚለውን ሰምቶ ደኑን ባለቤት የሌለው አድርጎ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። በደርግ ዘመን በቴፒና በበበቃ ሰፋፊ የመንግሥት የቡና እርሻዎች እንደነበሩ ይታወቃል። እንዲህ ላለው ሥራ የሚፈለግ ደን «ማንም ያልነካው» ከተባለ፣ የባለኮቦው መብት ሳይጠየቅ ይታለፋል።

የአገራችን ቡና አብቃዮች አከፋፈል ከዚህ የተሻለ ነው፤ የጫካ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ የእርሻ ልማት ቡና ብሎ የሰውን እጅ በየመጠኑ ይለያል። ተርጓሚም ሆነ ተመራማሪ «ካፌዬ ሶቫዥ» የሚል ቢያገኝ፣ የቱን ቡና ማለት እንደሆነ ሳይመረምር «የዱር ቡና» ብሎ ማለፍ አይገባውም።