በማኅበራዊ ሚዲያ የሚተዋወቁ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት፦ ከመመዝገብዎ በፊት ሊያረጋግጡት የሚገባ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ማግሥት በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች የምዝገባ ማስታወቂያ ይበረክታል። ተቋማት በእነዚህ መንገዶች ራሳቸውን ማስተዋወቃቸው በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ቀድሞ ወደ ከተማ ተጉዞ ብቻ ይገኝ የነበረ መረጃ ዛሬ በገጠር ላለ ተማሪ በስልኩ ላይ መድረሱም ጠቃሚ ነው። ጉዳዩ የግል ኮሌጆች ብቻ እንዳልሆነም መገንዘብ ያስፈልጋል። ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ በወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ለመሆን ቀዳሚ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ አመልካቾችን በራሱ ጥሪና በራሱ የመግቢያ ፈተና ይቀበላል።

አመልካቾችና ቤተሰቦቻቸው ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ግን አንድ ነው፦ በማስታወቂያው የተገለጸው ትምህርት፣ በተገለጸው ቦታና በተገለጸው መንገድ እንዲሰጥ የተፈቀደ ነው ወይ?

ዕውቅና የሚሰጠው ለምንድን ነው?

በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት የግል ተቋም በዲግሪ ደረጃ ለማስተማር ዕውቅና ሊኖረው ይገባል። ይህንን የሚሰጠው፣ ቀደም ሲል የከፍተኛ ትምህርት አግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ በሚል ስያሜ ይታወቅ የነበረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዕውቅና ለተቋሙ ስም በጅምላ አይሰጥም፤ በትምህርት መስክ፣ በደረጃ፣ በካምፓስና በአሰጣጥ መንገድ ተለይቶ፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ ነው። በአዲስ አበባ ካምፓሱ አካውንቲንግን በመደበኛ መርሐ ግብር እንዲያስተምር የተፈቀደለት ኮሌጅ፣ በዚያው ወረቀት በሐዋሳ ቅርንጫፉ ነርሲንግ ሊያስተምር፣ አካውንቲንጉንም በርቀት ሊሰጥ አይችልም። «ሙሉ ዕውቅና ያለው» የሚለው የማስታወቂያ ቃል እነዚህን ልዩነቶች ሁሉ ይሸፍናቸዋል። ማስታወቂያው ወይም የተለጠፈው ሰነድ ባለሥልጣኑን እስከ አሁን በቀድሞ ስሙ የሚጠራ ከሆነም፣ የፈቃዱ ዘመን ማለፍ አለማለፉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፈቃድ በሌለው መርሐ ግብር የተማረ ሰው ችግሩን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው፤ ዲግሪውን ለቀጣሪ ወይም ለተጨማሪ ትምህርት ለማቅረብ የማስረጃ ማረጋገጫ ሲጠይቅ። በዚያን ጊዜ የተከፈለው ገንዘብም ሆነ ያለፉት ዓመታት አይመለሱም። ስለዚህ አመልካቾች የመስኩን፣ የካምፓሱንና የአሰጣጡን መንገድ ለይተው የፈቃዱን ቅጂ ከተቋሙ እንዲጠይቁ፣ ቅጂውንም ከባለሥልጣኑ ጋር እንዲያመሳክሩ ይመከራል። ቅጂ ለማሳየት የሚያመነታ ተቋም ካጋጠመዎ፣ ማመንታቱን እንደ መልስ ሊወስዱት ይችላሉ።

ማስታወቂያው የማያሳየው

የተከታይ ብዛትና የገጽ ማረጋገጫ ምልክት የትምህርት ጥራት ማስረጃ አይደሉም። በፌስቡክ ሰማያዊው ምልክት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በወርኃዊ ክፍያ ጭምር የሚገኝ ሆኗል። ከማስታወቂያ ሥር የሚታዩ አስተያየቶችም ሙሉ ሥዕል አይሰጡም፤ የገጹ ባለቤት ቅሬታዎችን መሰረዝ ወይም መደበቅ ይችላልና። የምረቃ ፎቶግራፎች ደግሞ አንድ ዋና ነገር አይናገሩም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች፣ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማሩ፣ የመውጫ ፈተናን ቢያንስ 50 ከመቶ በማምጣት ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። «በዚህ የትምህርት ክፍል ባለፈው ዙር ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?» ብሎ መጠየቅ፣ በእኛ አስተያየት፣ ስለ ሕንፃውና ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ከመጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

«ነጥብዎ ምንም ይሁን ምን ዲግሪ ይጀምሩ» የሚሉ ማስታወቂያዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። የመግቢያ መስፈርት የሚወሰነው በትምህርት ሚኒስቴር እንጂ በተቋሙ የማስታወቂያ ክፍል አይደለም። የማለፊያ ነጥብ ላላገኙ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የአቅም ማሻሻያ ወይም ሪሚዲያል መርሐ ግብር እናስቀርልዎታለን የሚል ወገን፣ የመቅረት መብት የሌለውን ነገር እየሸጠ ነው።

በቴሌግራም የሚከፈቱ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቻናሎች ሌላው የአደጋ ምንጭ ናቸው። የአንድ ፊደል ልዩነት በችኮላ ለሚያነብ ሰው አይታይም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የድረ ገጽ አድራሻ «ኢዲዩ ነጥብ ኢቲ» በሚለው ቅጥያ ስለሚጠናቀቅ፣ ወደ ቻናል ወይም ወደ ገጽ ለመግባት በሌሎች ከሚላክ ማስፈንጠሪያ ይልቅ ከድረ ገጹ መነሳት ይሻላል። የምዝገባ ክፍያን በግለሰብ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር ቁጥር አያስገቡ። የፈተና መለያ ቁጥርዎንና የመታወቂያዎን ፎቶግራፍም ማንነቱን ላላረጋገጡት ሰው አይላኩ፤ የግል መረጃ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥበቃ ቢደረግለትም፣ አንድ ጊዜ የወጣን መረጃ መልሶ መሰብሰብ አስቸጋሪ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ዜጎች

በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ዜጎች ከሥራ ሰዓት ውጭ በበይነ መረብ ለመማር በማኅበራዊ ሚዲያ ጥሪ ይደርሳቸዋል። በውጭ ተቋም የተገኘ ዲግሪ በአገር ውስጥ ለሥራና ለትምህርት የሚያገለግለው በባለሥልጣኑ የአቻ ግምት ሲሰጠው ነው። ስለሆነም ተቋሙ በተቋቋመበት አገር ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ በበይነ መረብ የሚሰጠው መርሐ ግብርም ለአቻ ግምት የሚቀርብ መሆኑን ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቅሬታ ሲኖር

አሳሳችና እውነትነት የሌለው ማስታወቂያ በማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው። ይሁንና የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ በማንኛውም ሰዓት ሊታረም ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ በ«ስቶሪ» የተለቀቀ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከዕይታ ይወጣል። ስለዚህ በተመዘገቡበት ዕለት የማስታወቂያውን ምስል ከገጹ ስምና ከቀኑ ጋር በስልክዎ ያስቀሩ። ከተቋሙ ጋር የተጻጻፉትን መልእክትና ሕጋዊ የክፍያ ደረሰኙን ጨምረው፣ አስቀድመው ለተቋሙ ሬጅስትራር በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልስ ካላገኙም ማመልከቻውን ከነአባሪዎቹ ለትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያስገቡ። በማመልከቻው ላይ የተመዘገቡበት የትምህርት መስክ፣ የካምፓሱ ስምና የአሰጣጡ መንገድ ተለይተው መጻፍ አለባቸው።