ከአውጫጭኝ እስከ ልዩ ዐቃቤ ሕግ

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ በወገራ ደጋ ላይ ከተንሰራፋ በኋላ ዳባትን፣ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኝና፣ ከተራራው አፋፍ ሲደርስ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከመጠረጉ በፊት በዚህ ደጋ የሚኖረው ገበሬ የማዕከላዊውን መንግሥት ሕግ የሚያውቀው በሩቁ ነበር። ፍርድ ማለት ለእርሱ በመጀመሪያ የጭቃ ሹሙና የሽማግሌዎች ፊት፣ ነገሩ ከከረረም የጎንደር አደባባይ ነው። ይህ ሲባል ግን አገሩ ሕግ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። በጠበኞች መካከል ገብቶ «በሕግ አምላክ!» ያለ መንገደኛ የተነሣ ዱላ ያስቆም ነበር። ከሳሽና ተከሳሽም የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው በቁራኛ፣ ያለ ዘበኛ፣ ቀናት ተጉዘው ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር።

ከእነዚህ ልማዶች መካከል ለያዝነው ጉዳይ ይበልጥ የሚጠቅመው አውጫጭኝ ነው። በሸዋ አፈርሳታ በሚል ስም ይታወቃል። ከብት ተነድቶ፣ ቤት ተቃጥሎ፣ ወይም ሰው ሞቶ ተገኝቶ አድራጊው ሲታጣ፣ ሹሙ የአገሩን ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበስባል፤ የቀረ ይቀጣል። የተመረጡ ሽማግሌዎች ለብቻቸው ተቀምጠው እያንዳንዱን ሰው እያስማሉ ያየውንና የሰማውን ይጠይቁታል። የሚያውቀው ሰው በአደባባይ እንዲናገር አይገደድም፤ ለሽማግሌዎቹ በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ይህ ሰው «ወፍ» ይባላል። ሽማግሌዎቹም የወፉን ማንነት ሳይገልጹ የጥፋተኛውን ስም ያወጣሉ። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ጉባኤው አይበተንም፤ እርሻ ይፈታል፤ በሬ ሥራ ፈት ይውላል። እስከ መጨረሻው ያልተገኘ እንደሆነም አገሩ በሞላ አዋጥቶ ካሣውን ይከፍላል።

ዛሬ ይህን ሥርዓት እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ መመልከት የተለመደ ነው። እርግጥ ነው፣ ቂመኛ ሰው ወፍ ሆኖ ንጹሑን ሊያስጠቁር ይችል ነበር፤ ያልበደለ መንደርተኛም ለሌላው ጥፋት ይከፍል ነበር። ሆኖም ሁለት ጠንካራ ሐሳቦች እንደ ነበሩበት መካድ አይገባም። አንደኛው ምስክር ካልተጠበቀ እውነት አይወጣም የሚለው ነው፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ይህንኑ በአዋጅ ቁጥር 699/2003 የምስክሮች ጥበቃ ብሎ እስኪደነግግ ድረስ ብዙ ዘመን አልፏል። ሁለተኛው ወንጀል የተበዳዩ ቤተሰብ የግል ሐዘን ሳይሆን የመላው አገር ዕዳ ነው የሚለው ነው። ትልቁ ጉድለቱ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። አውጫጭኝ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይጠይቅም። ሰብሳቢው ሹም ራሱ ገዳይ ወይም ዘራፊ የሆነ እንደሆነ እርሱን በሜዳው መካከል አቁሞ የሚያስምል ሽማግሌ አልነበረም። ገበሬው የሚቀረው መንገድ አቤቱታ ነው፤ እስከ ጎንደር፣ ከዚያም እስከ ቤተ መንግሥቱ በር ተጉዞ «አቤት!» ማለት። ሹሙን የሚከሰው ሰው ጉዞውን የሚጀምረው ከዚያው ሹም ግዛት በመሆኑ፣ የስንቱ አቤቱታ በመንገድ እንደ ቀረ መገመት አያዳግትም።

የተጻፈው ሕግ በየደረጃው መጣ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፤ በ1949 ዓ.ም. ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት ዘመናዊ ሕግ ታወጀ፤ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ተከተለ። ከ1949ኙ ሕግ አንድ አንቀጽ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የተባበሩት መንግሥታት በ1948 እ.ኤ.አ. ያጸደቁት የዘር ማጥፋት ስምምነት የፖለቲካ ቡድኖችን ከጥበቃው ውጭ ሲተዋቸው፣ የኢትዮጵያ ሕግ አንቀጽ 281 ግን በግልጽ አስገብቷቸዋል። በጊዜው ይህ ልዩነት የሕግ ተማሪዎች መወያያ ከመሆን አላለፈም፤ ከ37 ዓመታት በኋላ ግን የአንድ መንግሥት ባለሥልጣኖች በሙሉ የሚከሰሱበት ቃል ሆነ።

አውጫጭኝ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለበጠው በ1966 ዓ.ም. ነው። የወሎው ረሃብ ከተጋለጠ በኋላ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና ወታደሮች በየፊናቸው ሲነሡ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ባለሥልጣኖች ላደረሱት በደል በሕግ ይጠየቁ የሚል ነበር። ሰብሳቢው ተሰብሳቢ እንዲሆን ተጠየቀ። በዚህም ግፊት መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በሊቀ መንበርነት የተመረጡት በዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ መምህር የነበሩት መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ የቀድሞ ሹማምንትን እየጠራ፣ ሰነድ እያስቀረበ፣ መልስ የመስጠት ዕድልም እየፈቀደ መመርመር ጀመረ። በአገሪቱ ታሪክ ሥልጣን የነበረው ሰው በሰይፍ ሳይሆን በጥያቄ ፊት የቆመበት ወቅት ቢኖር ይህ ነበር ማለት ይቻላል።

ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ወደ ኋላ የሚሠራ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከዚያ ሌሊት በፊት በዚያው ወር ታውጀው ነበር፤ ደርግ ራሱ ያወጀውን ፍርድ ቤት እንኳ አልጠበቀም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ በግድያው መደሰቱን መሸሸግ ለታሪክ አይጠቅምም። ሕዝቡ የጠየቀው ፍርድ ነበር፤ የተሰጠው ደም ነው፤ ልዩነቱን ያስተዋለው ጥቂት ነበር። የቀረው አገር ልዩነቱን የተማረው ጥይቱ ወደ ራሱ ቤት ሲመጣ ነው።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር በጎንደር ክፍለ ሀገር የወረደበትን መከራ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የዋና አስተዳዳሪው የሻለቃ መላኩ ተፈራ ስም እስከ ዛሬ ድረስ በእናቶች ሙሾ ውስጥ ይሰማል፤ ግጥሙ ልመናና ክስ በአንድ ትንፋሽ የተባለበት ነው። በአገሪቱ ብዙ ስፍራ ለተገደለ ልጅ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ ሬሳ ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። በዚያው በ1977 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና ዋና ከተማ ልጆቻቸው የተሰወሩባቸው እናቶች ነጭ ሻሽ አስረው በቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን አደባባይ በየሳምንቱ መዞር ጀምረው ነበር። የጎንደር እናት ያን እንኳ ማድረግ አልቻለችም። ሙሾ ብቻ ነበራት፤ ሙሾውም በጓዳ ነው። ይሁን እንጂ ስም፣ ቀንና ቦታ በዚያ ጓዳ ተጠብቀው ቆዩ።

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ይህ የተጠበቀ ትዝታ ወደ አደባባይ ወጣ። ቤተሰቦች የጅምላ መቃብር ያሉባቸውን ቦታዎች እየጠቆሙ ማስቆፈር ጀመሩ፤ ለዐሥራ አራት ዓመት የተከለከለ ለቅሶ ተለቀሰ። መስፍን ወልደ ማርያምም መስከረም 29 ቀን 1984 ዓ.ም. ከጓደኞቻቸው ጋር የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን መሠረቱ፤ በ1967 የተቋረጠባቸውን ሥራ ከመንግሥት ውጭ ሆነው ቀጠሉ ማለት ነው። መንግሥት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። ግርማ ዋቅጅራ በኃላፊነት የመሩት ይህ መሥሪያ ቤት እስከ 1989 ዓ.ም. ድረስ 5,198 ሰዎችን ከሰሰ፤ ከእነዚህ 2,246 በእስር ላይ የነበሩ፣ 2,952 በሌሉበት የተከሰሱ ነበሩ።

እዚህ ላይ ለባለሙያዎች ትኩረት የሚስብ አንድ ነገር አለ። ደርግ ግድያን እንደ ማንኛውም የመሥሪያ ቤት ጉዳይ በደብዳቤ ቁጥር፣ በፊርማና በማኅተም ያካሂድ ነበር። «አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድበት» የሚለው ትእዛዝ ግልባጭ ነበረው፤ ግልባጩም መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀመጥ ነበር። ገዳዮቹ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያስፈረደባቸው ራሳቸው ያስቀመጡት ወረቀት መሆኑ እጅግ የሚያስገርም ነው። ነገር ግን ወረቀት ብቻውን አይናገርም። ማኅተሙ የየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው ስም የማን ልጅ እንደ ነበረ የሚያስረዳው ምስክር ነው። መቃብሮቹን በመመርመር ረገድም ከአርጀንቲና የመጡ የአፅም ምርመራ ሊቃውንት ረድተዋል፤ ሙያውን የተማሩት የገዛ አገራቸውን የተሰወሩ ወጣቶች ሲፈልጉ ነበር።

ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት መሆኑ ነው። በመጀመሪያ በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ለወጠው። መላኩ ተፈራም ተከሶ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ፤ የሞት ፍርድም ተወሰነበት። የክፍለ ሀገሩን ጉዳዮች የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች በውክልና እንዲያዩ በመደረጉ ከገጠር የመጣ ምስክር እስከ አዲስ አበባ መንከራተት አላስፈለገውም። ያም ሆኖ መዘግየቱ ብዙ ጎድቷል፤ ተከሳሾች ሳይፈረድባቸው ለዓመታት ታስረዋል፤ ብዙ ምስክሮችም ውሳኔውን ሳይሰሙ ሞተዋል። ችሎቱን ድል አድራጊ በተሸናፊ ላይ የዘረጋው ነው የሚለው ወቀሳም መሠረት አለው፤ በዚያው ዘመን ሌሎች ወገኖች የፈጸሙትን በደል ልዩ ዐቃቤ ሕጉ እንዲመረምር አልታዘዘምና።

መንግሥት ሳይጎተጉታቸው ተበዳዮች ብቻቸውን የደከሙበት ክስ በባሕር ማዶ ነበር። ከቀይ ሽብር ተርፋ በአሜሪካ አትላንታ በአንድ ሆቴል ትሠራ የነበረችው እጅጋየሁ ታዬ፣ በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ሆኖ ያሰቃያትን ቀልቤሳ ነገዎን በዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ አገኘችው። ከሂሩት አበበና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆና በ1789 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከሰሰችው። ፍርድ ቤቱ በ1985 ዓ.ም. ለሦስቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው በ1988 አጸናው፤ ተከሳሹም በጥቅምት 1999 በሌለበት የዕድሜ ልክ ፍርድ ወደ ጠበቀው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በሆላንድም እንዲሁ በደብረ ማርቆስ በነሐሴ 1970 ዓ.ም. 75 እስረኞችን በማስገደሉ የተከሰሰው እሸቱ ዓለሙ በታኅሣሥ 2010 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

በአገር ውስጥ ግን በ2003 ዓ.ም. በሃይማኖት አባቶች ልመና የ23 የደርግ ባለሥልጣኖች የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ዝቅ አለ፤ በ2004 መጀመሪያም ብዙዎቹ ተፈቱ። ይቅርታው ለደገፈውም ለተቃወመውም ቢሆን፣ ቢያንስ ከፍርድ በኋላ የመጣ ይቅርታ ነበር። ይህን ኅዳር 14 ከተፈጸመው ጋር ማነጻጸር ለአንባቢው ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደገና ወደ ወገራ ደጋ ተመለሰ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ከነሐሴ 25 እስከ 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዳባት ከተማ በማይርቀው በጭና ተክለ ሃይማኖት ሲቪሎች ተገደሉ። ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት በኅዳር 2014 ባወጣው ዘገባ የትግራይ ኃይሎች 26 ሲቪሎችን እንደ ረሸኑ ከምስክሮች ቃል አረጋገጥሁ አለ፤ የአካባቢው ባለሥልጣኖች ከመቶ በላይ የሆነ ቁጥር ተናገሩ፤ ህወሓት ክሱን አልተቀበለም። በዚያው ጦርነት በማይካድራና በአክሱም ሌሎች ሲቪሎች አልቀው ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጡት የጋራ ዘገባ ሁሉም ተዋጊ ወገኖች ጥሰት መፈጸማቸውን ገልጸዋል። ዘገባው የመረመረው ግን እስከ ሰኔ 2013 ያለውን ጊዜ ስለ ነበር ጭና በውስጡ አልተካተተም። በጥር 2016 ደግሞ በጎጃም መራዊ ከተማ ቢያንስ 45 ሲቪሎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ኮሚሽኑ አስታወቀ። የሟቾች ስም ዝርዝር በመጀመሪያ የሚጻፈው በየትም ቦታ በቀባሪዎች እጅ ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የተፈረመው ስምምነት መንግሥት ተጠያቂነትን፣ እውነትን፣ ካሣንና ዕርቅን የሚመለከት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እንዲያወጣ ግዴታ አስገባ። የተባበሩት መንግሥታት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥልጣን በጥቅምት 2016 ሳይታደስ ቀረ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፖሊሲውን ያጸደቀው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰነዱ ልዩ ፍርድ ቤት፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግና የእውነት አፈላላጊ ኮሚሽን እንዲቋቋሙ ያዛል። በጸደቀበት ዕለት በአማራ ክልል ጦርነት ነበር፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁም ገና አልተነሣም። ከጭና ወይም ከመራዊ የሚመጣው ወፍ የሚያውቀውን በየትኛው ሽማግሌ ጆሮ እንደሚናገር ገና የሚወሰን ነበር።