ነፋስ ሲነሣ እሳት አይለኮስም፦ የስዊዘርላንድ የሠፈር እሳት አጥፊዎች ታሪክ

አገር ቤት በገጠሩ ቤት ሲቃጠል ቀድሞ የሚሰማው እሪታ ነው። እሪታውን የሰማ ሁሉ የማን ቤት እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ የተጣላም ቢሆን ቂሙን ትቶ፣ እንስራውንና መጥረቢያውን ይዞ ይሮጣል። ነፋስ የተነሣ እንደሆነ ደግሞ ነገር ያወቁ ሽማግሌዎች የነደደውን ቤት ትተው የሚቀጥለውን ጎጆ ሣር ያስወርዳሉ። የነደደውስ ነዷል፤ የሚተርፈውን ማትረፍ ይሻላል ነው ነገሩ።

ስዊዘርላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቀዩን የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ ሲያልፍ ባየ ጊዜ ግን ነገሩ ሁሉ የመንግሥት፣ የቢሮና የደመወዝ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። በዚህ አገር ወደ 80 ሺህ ከሚጠጉት እሳት አጥፊዎች መካከል በሙያው ደመወዝ የሚበሉት ከመቶ ሁለት ሦስት ቢሆኑ ነው። የቀሩት ዳቦ ጋጋሪዎች፣ አናጢዎች፣ መምህራንና የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ጥሪው ሲመጣ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ፤ የሚከፈላቸውም ለዋሉበት ሰዓት የሚታሰብ አነስተኛ አበል ነው። ሀብታም አገር ነፍሱን ለጎረቤት እንዴት አደራ ሰጠ ቢሉ፣ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከነፋስ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዙሪክ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሄደው የሚገኙት ግላሩስ የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። ከአልፕስ ተራሮች ማዶ የሚመጣ ደረቅና ሞቃት ነፋስ አላት፤ ስሙ ፎን ይባላል፤ ከስልክ ጋር ዝምድና የለውም። ፎን ሲነሣ በረዶ ይቀልጣል፣ እንጨት ይደርቃል፣ ራስ ያማል ይላሉ የአገሩ ሰዎች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 10 ቀን 1861 ምሽት ፎን እየነፈሰ ሳለ ግላሩስ ላይ እሳት ተነሣ። ከምን እንደተነሣ እስከ ዛሬ አልታወቀም። የጣራው ክዳን እንጨት፣ መንገዱ ጠባብ ነበርና ነፋሱ ፍሙን ከጣራ ጣራ እያዘለለ አደረው። ሲነጋ ወደ 600 የሚጠጉ ሕንፃዎች አመድ ሆነው ነበር፤ ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው መሆኑ ነው። የነዋሪዋም ግማሽ ያህሉ ቤት አልባ ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግላሩሶች ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ከመላው ስዊዘርላንድና ከውጭ አገር የእርዳታ ገንዘብ ተዋጣላቸው። በርንሃርድ ሲሞንና ዮሐን ካስፓር ቮልፍ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶችም ከተማዋን በአዲስ ፕላን ነደፏት። ጠማማው መንገድ ቀና፣ ጠባቡ ሰፋ፣ እንጨቱ በድንጋይ ተተካ። ዛሬ ግላሩስን የሚጎበኝ ሰው መንገዶቿ እንደ ገበጣ ሠሌዳ ተከፋፍለው ሲያይ የሚያየው የዚያን ሌሊት ጠባሳ ነው። ከዚህም ሌላ በፎን ሸለቆዎች የነፋስ ዘብ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ፎን ሲነሣ የተመደቡ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ምድጃ ያያሉ፤ ደጅ ላይ እሳት መለኮስ፣ ትንባሆ ማጨስም ይከለከላል። አንድ ሰው በገዛ ምድጃው ላይ የማያዝበት ቀን አለ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ነፋስ ባለበት ቀን የአንዱ ምድጃ የሠፈሩ ሁሉ ምድጃ ነው።

ይኸው ሐሳብ በገንዘብም ተተርጉሟል። የዙሪክ ካንቶን የሕንፃ ኢንሹራንስ ተቋም የተመሠረተው በ1808 ነው። ቤት ያለው ሁሉ በግድ እንዲያዋጣ፣ የአንዱ ቤት ሲቃጠል ሁሉም እንዲሠራለት የታሰበ ነበር፤ ትልቅ እድር ብንለው አያስቀይምም። ያው ተቋም ዛሬም የጎርፍ፣ የበረዶና የዐውሎ ነፋስ ጉዳት ይከፍላል፤ በካንቶኑ ያሉትን የእሳት አደጋ ጓዶችም ይቆጣጠራል፣ ያሠለጥናል። አሥራ ዘጠኝ ካንቶኖች እንዲህ ያለ ተቋም አላቸው። ጄኔቫ ግን ከእነዚህ ውስጥ የለችም፤ እዚያ ባለቤቱ ከግል ኩባንያ ጋር ይዋዋላል። በሁለቱም ከተሞች ተከራይ የሆነ ሰው የሚያስተውለው ነገር አለ፤ የሕንፃው ኢንሹራንስ ግድግዳውን እንጂ የተከራዩን አልጋ፣ ልብስና ቴሌቪዥን አይከፍልም። ለዚያ የራስን የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ መግባት ያስፈልጋል።

ጄኔቫም ብትሆን ከእሳት ያልተማረች አይደለችም። በጥር 1670 በሮን ወንዝ ድልድይ ላይ ተደርድረው የነበሩ ቤቶች በሌሊት ተቃጥለው ከመቶ በላይ ሰው አልቋል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በግንቦት 1 ቀን 1951 ታላቁ ቴአትር ቤት ነደደ። የሚዘጋጀው የዋግነር ኦፔራ ሲሆን መጨረሻው ላይ የእሳት ቀለበት የሚታይበት ነው። የመድረኩን እሳት ሲሞክሩ እውነተኛው እሳት አመለጣቸው፤ ቴአትር ቤቱ እንደገና የተከፈተው በ1962 መጨረሻ ነው። ከጄኔቫ ወደ ዙሪክ በሚወስደው የባቡር መንገድ ላይ ያለችው ሎዛን ደግሞ ከ1405 ጀምሮ በካቴድራሏ ማማ ላይ ዘበኛ አላት። የዱሮው ሥራው እሳት ሲነሣ ከተማውን መቀስቀስ ነበር፤ ዛሬም ሌት ሌት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በየሰዓቱ እየተጣራ ሰዓቱን ያሰማል።

እነዚህ ሰዎች እሳትን እንዲህ ይፍሩ እንጂ ያለ እሳት በዓል አያውቁም። ጄኔቫዎች በታኅሣሥ 1602 የሳቮይን ጦር ከግንባቸው ላይ የመለሱበትን ሌሊት ሲያከብሩ፣ የጥንት ልብስ የለበሰው ሰልፍ ችቦ ይዞ ከተማውን ዞሮ ሲያበቃ በቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ፊት ትልቅ እሳት ይነድዳል። በነሐሴ 1 ቀን የአገሪቱ በዓል ደግሞ በየኮረብታው ደመራ ይለኮሳል፤ በትንንሽ ከተሞች እንጨቱን የሚደረድሩት፣ ሲነድ የሚጠብቁት፣ ሲበርድ አመዱን የሚያረጥቡት አብዛኛውን ጊዜ የሠፈሩ እሳት አጥፊዎች ናቸው። በመጸው ወራትም ብዙ ቦታ ሕዝብ በተሰበሰበበት ዓመታዊ ልምምዳቸውን ያሳያሉ። ሕፃናት መኪናው ላይ ይወጣሉ፣ ቋሊማ ይጠበሳል፣ ቢራ ይቀዳል። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ በአደጋ ቀን በር የሚሰብረውን ሰው ነዋሪው ፊቱን አስቀድሞ ያውቀዋል።

የዙሪኩ በዓል ለኢትዮጵያዊ ይበልጥ ያስገርማል። በየዓመቱ በሚያዝያ፣ ልክ በምሽቱ 12 ሰዓት ደወል ሲደወል፣ ሴክሴሎይተን በሚባለው አደባባይ ላይ የተቆለለው እንጨት ይለኮሳል። ከላይ የበረዶ ሰው ምስል ተሰቅሏል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ፈንጂ አለ። ስሙ በጀርመንኛ «ቦግ» ይባላል፤ በአማርኛም ቦግ ብሎ እንዲነድ ነው የሚጠበቀው። ጭንቅላቱ ቶሎ ከፈነዳ በጋው ያማረ ይሆናል፣ ከዘገየ ይከፋል ይላሉ። ደመራው በየት በኩል ወደቀ ብሎ የዘመኑን ዕጣ የሚያነብ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። እርግጥ ትንቢቱ ሁልጊዜ አይሠምርም። በ2023 ቦግ 57 ደቂቃ ፈጅቶ የመዘግየት ሪኮርድ ሰበረ፤ በጋው ግን ከሞቃቶቹ አንዱ ሆኖ አረፈው።

ታሪክ የሆነው ግን የሚቀጥለው ዓመት ነው። በሚያዝያ 15 ቀን 2024 ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ፈረሶቹ ተሸልመው፣ እንጨቱ ተቆልሎ ሳለ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። አዘጋጆቹ ከከተማው የደኅንነት ኃላፊዎች ጋር ተመካክረው እሳቱ አይለኮስም አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ፣ የሚጠብቅ ሕዝብ፣ የሚያሳይ ቴሌቪዥን እያለ አይለኮስም ማለት ቀላል አይደለም። ቦግ በዚያው ዓመት በሰኔ 22 ቀን ሃይደን በምትባል የአፐንዘል ትንሽ ከተማ ተቃጠለ። በ2018 በጋም ድርቅ በመጽናቱ በብዙ ካንቶኖች የነሐሴ 1 ደመራና ርችት ተከልክሎ ነበር። የግላሩስ የነፋስ ዘብ ሥርዓት በሌላ መልኩ ዛሬም ይሠራል ማለት ነው። በዓል ይከበራል፤ ነፋስ ሲነሣ ግን የመጨረሻው ቃል የጥንቃቄ ነው። በመስከረም ደመራ የሚያበሩ በውጭ አገር ያሉ ማኅበረሰቦችም ከኮሚዩኑ ፈቃድ ሲጠይቁ የሚጋፈጡት ይኸንኑ ነው። ፈቃዱ የነፋስና የድርቅ ሁኔታን ቢያነሣ ንቀት ሳይሆን ታሪክ ያስተማረው መሆኑን ማወቅ ደግ ነው።

ነፋሱ ያለ እሳትም ይገድላል። በታኅሣሥ 26 ቀን 1999 ሎታር የተባለው ዐውሎ ነፋስ አገሩን ሲያቋርጥ ከዙሪክ በላይ ባለው ኡትሊበርግ ተራራ ላይ በሰዓት 241 ኪሎ ሜትር ተለካ። በማዕበሉ 14 ያህል ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የወደቀውን ዛፍ ሲያነሡ ተጨማሪ ሰዎች አለቁ። ስለዚህ ማዕበል ካለፈ በኋላም ጫካ አይገባም። በጄኔቫ በኩል ደግሞ ቢዝ የሚሉት ቀዝቃዛ ነፋስ በጥር 2005 የሐይቁን ውኃ እየረጨ በቬርስዋ ዳርቻ የቆሙትን መኪናዎች በበረዶ ገንዞ የዓለም ጋዜጦች ሁሉ ፎቶግራፉን አውጥተውታል።

እንግዲህ የዱሮውን የማማ ዘበኛ የተካው ሳይረን ነው። በየዓመቱ በየካቲት የመጀመሪያ ረቡዕ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በመላው አገሪቱ ይሞከራል። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣ ሰው ሳያውቀው ቢሰማው ልቡ ቢቆም አይፈረድበትም፤ አዲስ ለመጣ ዘመድ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ከዚያች ቀን ውጭ ከተሰማ ግን ሙከራ አይደለም። ለአንድ ደቂቃ ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮኸው ጠቅላላ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሬዲዮ መክፈት፣ የሚባለውን መፈጸምና ለጎረቤት መንገር ነው ትእዛዙ። ከግድብ በታች ባሉ ቦታዎች የሚሰማው፣ ወፍራምና እየተቆራረጠ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚጮኸው ደግሞ የውኃ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያኔ ያለ ምንም ማመንታት ወደ ከፍታ መሄድ ነው። ዙሪክ ውስጥ በሲል ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ከላይ በ1937 የተጠናቀቀ የሲልሴ ግድብ እንዳለ ይወቅ። ከ2018 ጀምሮም አለርትስዊስ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ያደርሳል።

ለሐበሻ ቤት የተለየ ምክርም አለ። ቡና በከሰል የሚያፈላ ሰው መስኮት ይክፈት፤ የከሰል ጢስ ሽታ በሌለው መርዝ ሳያስታውቅ ይገድላል። ድስት ላይ ዘይት ከነደደ ክዳን ይደፋበታል እንጂ ውኃ አይደፋበትም። ጧፍና ዕጣን ለኩሶ መተኛት አይገባም። እሳት ከተነሣ ሰውን አስወጥቶ በር ዘግቶ በደረጃ መውረድ ነው፤ በሊፍት አይወረድም። የሚደወለው 118 ነው። ዐውሎ ነፋስ ሲነገር ደግሞ በረንዳ ላይ ያለ ወንበርና የአበባ ማሰሮ ወደ ውስጥ ይግባ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል። የውጭ ዜጋ የሆነ ሰው በስዊዘርላንድ ጦር ውስጥ አያገለግልም። በጄኔቫ ስምንት ዓመት ስዊዘርላንድ የኖረ የውጭ ዜጋ ከ2005 ጀምሮ በኮሚዩን ደረጃ ድምፅ ይሰጣል፤ በዙሪክ ይህም የለም። የሠፈሩ እሳት አጥፊ ጓድ ግን በብዙ ቦታ በሩን ለነዋሪ ሁሉ ከፍቷል። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድና የአካባቢው ቋንቋ ሊጠየቅ ይችላል፤ ዜግነት ግን ብዙ ቦታ አይጠየቅም። እንዲያውም በብዙ ካንቶኖች ነዋሪው ወይ ያገለግላል ወይ ግብር ይከፍላል። ፓስፖርቱ ሳይመጣ ጎረቤትነቱ የሚመጣበት በር ይህ ነው።

በጥቅምት 2024 በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ ጥበት ለእሳት አደጋ መኪና እንቅፋት እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ግላሩስም በ1861 እንደዚያ ነበረች። ልዩነቱ ሰዎቹ አይደሉም፤ ከአመዱ በኋላ የወጣው ሥርዓት ነው። እሪታ የሰማ የሚሮጥ ሕዝብ ኢትዮጵያም ስዊዘርላንድም አለ። የጎረቤትን እሪታ ልምምድ፣ ቧንቧና ሕግ አድርጎ ያቆየ ግን ነፋስ ሲነሣ አይደነግጥም። ለማንኛውም ቸር ያሰማን።