ሞሪታኒያ፦ በአሸዋና በውቅያኖስ መካከል ያለች አገር

በሰሜን ምዕራብ አፍሪካ የምትገኘው ሞሪታኒያ ከ1 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አላት። በቆዳ ስፋት ከኢትዮጵያ እምብዛም ባታንስም የሕዝቧ ቁጥር ግን 5 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። አብዛኛው ግዛቷ በሰሃራ በረሃ የተያዘ በመሆኑ ለእርሻ የሚመች መሬት ያላት በዋነኛነት በደቡብ፣ በሴኔጋል ወንዝ ዳርቻ ነው።

በረሃው ግን ባዶ አይደለም። ‘የሰሃራ ዓይን’ በመባል የሚታወቀውና ከጠፈር ጭምር የሚታየው ክብ የድንጋይ ቅርጽ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከሰሜናዊቷ የዙዌራት ከተማ የሚወጣው የብረት ማዕድን እስከ ኑዋዲቡ ወደብ 700 ኪሎ ሜትር ያህል በባቡር ይጓጓዛል። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ከ1963 ጀምሮ የሚመላለሰው ይህ ባቡር ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ አቅም የሌላቸው መንገደኞችም በማዕድኑ ክምር ላይ ተቀምጠው ይጓዙበታል። ወርቅና ዓሣም የአገሪቱ ዋነኛ የውጭ ንግድ ምርቶች ናቸው። በ2025 ደግሞ ከሴኔጋል ጋር ከምትጋራው የባሕር ውስጥ መስክ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ ውጭ መላክ ተጀምሯል።

በመካከለኛው ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ የነበረችው ቺንጌቲ በጥንታዊ የእጅ ጽሑፎቿ ትታወቃለች። የሃይማኖት፣ የሕግና የሥነ ፈለክ መጻሕፍት ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፉ በየቤተሰቡ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ቆይተዋል። ቺንጌቲ ከሦስት ሌሎች ጥንታዊ ከተሞች ጋር በ1996 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ብትመዘገብም የአሸዋው ግፊት ዛሬም ያሰጋታል።

እንግዳ ሲመጣ ናና የገባበት አረንጓዴ ሻይ ሦስት ጊዜ ይቀዳል። የኢትዮጵያን ቡና አቦል፣ ቶናና በረካ ለሚያውቅ ሰው ሥርዓቱ እንግዳ አይሆንበትም። በአንጻሩ የአገሪቱ ከባድ ቁስል ባርነት ነው። ሞሪታኒያ ባርነትን በሕግ የሻረችው ከዓለም አገራት ሁሉ መጨረሻ፣ በ1981 ነበር። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስቀጣ የሆነው ደግሞ በ2007 ነው። የመብት ተሟጋቾች ድርጊቱ እስካሁን ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ የቀድሞ ባሪያዎች ዘሮችም መገለል እንደሚደርስባቸው ይናገራሉ።

ዋና ከተማዋ ኑዋክሾት የተቆረቆረችው በ1960 ከፈረንሳይ ነጻነት በተገኘበት ዋዜማ ሲሆን፣ የታሰበችውም ለጥቂት ሺህ ነዋሪዎች ነበር። ሆኖም በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በደረሰው ድርቅ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው አርብቶ አደሮች ወደ ከተማዋ ጎረፉ። ዛሬ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይኖሩባታል። በአንድ ወገን አሸዋ፣ በሌላ ወገን የአትላንቲክ ውቅያኖስ ይገፏታል። ከፊሏ ከባሕር ጠለል በታች ወይም እኩል በመሆኑ ለጎርፍ የተጋለጠች ናት። አሸዋውን ለመግታት በዙሪያዋ ዛፎች ሲተከሉ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ከበረሃው ሸሽተው የመጡት ቤተሰቦች ልጆችም ዛሬ ያንኑ አሸዋ ከደጃፋቸው ይጠርጋሉ።