ጀበና፤ ከቤት ቤት የሚዞረው የቡና ዕቃ

በጉንደ ወይንና በአካባቢው ቀበሌዎች ዝክር፣ ሰንበቴ፣ ዕድር ወይም የማኅበር ስብሰባ ሲኖር ጀበና አይቀርም። አንዷ እናት ጀበናዋን፣ ሌላዋ ረከቦትና ሲኒዋን፣ ሦስተኛዋ ሙቀጫና ዘነዘናውን ይዛ ትመጣለች። ጥቂት ፍም ከተገኘ ቡናው ይፈላል፤ ጎረቤትም ይሰበሰባል።

ይሁን እንጂ ቡና በደጋው ክርስቲያን ቤት ከተለመደ ብዙ ዘመን አልሆነውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በየጁቤ አቅራቢያ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከሌሎች የጊቤ አገሮች የሚመጣ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ የሚሸጥበት ታላቅ ገበያ ነበር። ቡናው በጎጃም በኩል አልፎ ወደ ሰሜን ይጫን ነበር እንጂ ብዙው ክርስቲያን አይቀምሰውም ነበር። እንደ ጫትና ትምባሆ የሙስሊሞች ነው እየተባለ በካህናቱ ይነቀፍ ነበርና። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደሚያስረዱት፣ ይህ አመለካከት በ1870ዎቹ ዓ.ም. መለወጥ የጀመረው በተለይ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ስለነበርና አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ስለደከሙ ነው። ቡና አፈላልን ከማን እንደተማርን ግን ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ጀበና፣ ፍንጃል፣ ሲኒ፣ አቦልና በረካ ሁሉም ከዐረብኛ ጋር የተዛመዱ ናቸው።

ቡናን ይዞ መጓዝ ጥንትም የታሰበበት ጉዳይ ነው። በ1760ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ ግሽ ዓባይን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ፣ የኦሮሞ መንገደኞች የተቆላና የተወቀጠ ቡና ከቅቤ ጋር ለውሰው፣ አድቦልቡለው፣ በቆዳ ከረጢት ይዘው እንደሚጓዙና አንዷ ድቡልቡል ለአንድ ቀን ስንቅ እንደምትበቃ ጽፏል። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያናዊው አልፎንሶ ቢያሌቲ «ሞካ» የተባለውን የአሉሚኒየም ማፍያ አወጣ። በእንፋሎት ግፊት ውኃውን ከታች ወደ ላይ ገፍቶ በቡናው ውስጥ የሚያሳልፍ፣ ለጥቂት ሰዎች የሚበቃ ዕቃ ነው።

የእኛ ጀበና የታሰበው ለብዙ ሰው ነው። ክብ ሆዱ እሳቱን ከየአቅጣጫው ይቀበላል፤ አተላው ከሥር ይዘቅጣል። ጠባብ አንገቱ ሙቀቱንና መዓዛውን ይይዛል። ከማቶት ላይ ዘንበል ብሎ ሲያርፍ ቡናው ይጠላል። እንግዳ ቢጨመር ውኃ ተጨምሮ ቶና፣ ከዚያም በረካ ይቀዳል እንጂ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ ያሰበችው ማን ናት? ስሟ ያልተጻፈ ሸክላ ሠሪ ናት። ጭቃውን አቡክታ፣ ያለ መሣሪያ በእጇ አቁማ፣ በድንጋይ አለስልሳ፣ በእሳት ተኩሳ ለገበያ ታቀርባለች። እኛም ጀበናውን ገዝተን፣ አሟሽተን፣ ጎረቤት ጠርተንበታል። እሷን ግን በብዙ የአገራችን አካባቢ «ቡዳ» እያልን ከማዕዳችንና ከጋብቻችን አርቀናታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ አልጠፋም። ጀበናዋን ገዛን እንጂ ቡናችንን አላጠጣናትም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሁን ደግሞ በየገበያው የብረትና የኤሌክትሪክ ጀበና እየመጣ ነው። የሸክላ ሠሪዋ ገበያ ከጠበበ፣ ከእናት ወደ ልጅ የወረደው ዕውቀትም አብሮ ይጠፋል።

ውድ የማኅበራችን አባላት! የኅብረት ሥራ ማኅበር የተመሠረተው ብቻውን የቆመ አምራች በደላላ እንዳይጎዳ ነው። ለጤፋችንና ለስንዴያችን ያገኘነውን ይህን ጥቅም የዕደ ጥበብ ሠራተኞችም ተደራጅተው ሊያገኙት ይችላሉ። በዚህ የምሥረታ በዓል ቡና ሲቀዳ ሸክላ ሠሪዋንም ጠርተን፣ ከአቦሉ አስቀድመን እናጠጣት። በሚቀጥለው ስብሰባችንም ስለ እሷ ሳይሆን ከእሷ ጋር እንምከር።

መልካም በዓል!