ጅራቷን ማን ቆረጣት?

የመኪናዬን አንቴና የሰበረው የሰፈር ልጅ ነው። ሰይፍ ሊያደርገው ይሁን የጥቁር ሰሌዳ መጠቆሚያ አላውቅም። እኛም በልጅነታችን ከስንቱ ራዲዮ ላይ አንቴና እንደነቀልን ስለማስታውስ ብዙም አልተቆጣሁ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ስጠይቅ ባለሱቁ ረጅሙን ከመደርደሪያ ለማውረድ እንኳ ሰነፈ። «ይሄ እኮ የድሮ ነው ጋሼ! አሁን ሰው የሚያስገባው ይቺን ነው» ብሎ ከስንዝር ብዙም የማትበልጥ፣ ጥቁር ጎማ የለበሰች አንቴና ሰጠኝ። እውነት ለመናገር ታምራለች። ለልጅ እጅ አትመች፣ የግቢ በር ላይ አትጋጭ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ኤፍ ኤሙን ጥርት አድርጋ አመጣችልኝ። ምን እፈልጋለሁ?

ጉዱ የታየው አጎቴን ልጠይቅ ወደ ቀየት ስነዳ ነው። ከከተማ እየራቅሁ ስሄድ የለመድኩት ጣቢያ መጀመሪያ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ ተንተባተበ፣ በመጨረሻም ፉጨት ሆነ። ወደ መካከለኛው ሞገድ ባዞረውም ያው እሽሽሽ ነው። ከደጃፋቸው ስደርስ አጎቴ መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና ከሰላምታው ቀጥሎ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጅራቷን ማን ቆረጣት?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በአንቴና ነገር ደግሞ የመናገር መብት አላቸው።

በደርግ ጊዜ አጎቴ ቤት አንድ ራዲዮ ነበረች። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እየተሰጣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል፤ ራዲዮዋም ጥቂት ቀን ትናገራለች። ከአንቴናዋ ጫፍ ላይ የታሰረ ሽቦ በመስኮት ወጥቶ ከግቢው ባሕር ዛፍ ጋር ይገናኛል። ርዝመቱ ሃያ ክንድ ገደማ ነው። ማታ ማታ የውጭ ጣቢያ ሲከፍቱ ጎረቤት እንዳይሰማ ራዲዮዋን ታቅፈው ባና ይከናነባሉ። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1970ዎቹ ተከተለ። በዚያን ዘመን እነዚህን ጣቢያዎች ማዳመጥ ሊያስጠረጥር ይችላል። ሽቦውን የሚያይ እንግዳ ሲመጣ ታዲያ ልብስ ይሰጣበታል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ነው የዚያ ሽቦ ልክ የገባኝ። አንቴና እንደ ልብስ ነው፤ በሞገዱ ልክ ይሰፋል። ጥሩው ርዝመት የሞገዱ ሩብ ነው ይላሉ ባለሙያዎቹ። በ97.1 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የኤፍ ኤም ጣቢያ ሞገዱ ሦስት ሜትር ያህል ስለሆነ ሩቡ 77 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ያ የተሰበረብኝ አንቴና እንግዲህ ለጌጥ አልነበረም የረዘመው። በአጭሯ ውስጥ ሽቦው እንደ ስፕሪንግ ስለተጠመዘዘ ለኤፍ ኤም በመጠኑ ትበቃለች፤ ጣቢያው ቅርብ ሲሆን ደግሞ ጉድለቷ አይታወቅም። ኤፍ ኤም ግን ተራራ ሲጋርደው አይዞርም። ከሩቅ የሚመጣው መካከለኛው ሞገድ ነው፤ የእሱ ርዝመት ደግሞ በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል። ለእሱ የመኪና አንቴና ድሮም አጭር ነው፤ ያንኑ ስትቀንስለት የሚይዘው ጉልበት ይበልጥ ይሟጠጣል። ስሙ «አጭር» የተባለው ሞገድ እንኳ በ41 ሜትሩ መሥመር ሩቡ ዐሥር ሜትር ነው። ዐሥር ሜትር ማለት ሃያ ክንድ! አጎቴ ፊዚክስ አልተማሩም። ሽቦውን እያስረዘሙ፣ እያሳጠሩ፣ ድምፁ የጠራበት ላይ አቆሙት እንጂ።

የአገራችንም ራዲዮ ታሪክ የሚጀምረው ሩቅ ከመድረስ ጉጉት ነው። የአቃቂ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሲመረቅ የሠራው አንሳልዶ የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም.፣ ወረራው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በራዲዮ ነው። ጣሊያን በሠራው ጣቢያ ጣሊያን ተከሰሰ ማለት ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣታቸው በራዲዮ ሲነገር፣ አጎቴ በዚያው ሽቦ ሰምተው ለመንደሩ አወሩ።

በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ድምፁ ጠራ፣ ሙዚቃው በዛ፣ ጣቢያው ቅርብ ሆነ። ጣቢያው ሲቀርብ አንቴና አጠረ። ይህ ለከተማ ሰው ምንም አይደለም። ችግሩ እኛ የከተማ ሰዎች የራሳችንን ልክ የአገሩ ሁሉ ልክ እናደርገዋለን። «ስልክ እያለ ራዲዮ ምን ያደርጋል?» እንላለን።

ይህንኑ ለአጎቴ ብላቸው ቀና ብለው አዩኝ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ በመጣ ጊዜ ስልካቸው ዝም ብሎ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን፣ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። «ያን ጊዜ ልጄ አለ ወይስ የለም የምለውን የምጠይቀው አጥቼ፣ መንገዱ መከፈቱን እንኳ የሰማሁት በዚችው ነው» አሉና ወደ አሮጌዋ ራዲዮ ጠቆሙኝ። ሽቦዋ ዛሬም ባሕር ዛፉ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ እዚያው ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ሳቀብኝ፣ ግን ረጅሙን አወረደልኝ። ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ ሁለቱንም በእጅ አዙሮ መቀየር ይቻላል። አጭሯ ለከተማ ትሆናለች፤ ረጅሙ ከወንበር ሥር ይተኛና ከከተማ ስወጣ መንገድ ዳር ቆሜ እተክለዋለሁ።

ቀጥሎ የሄድኩ ጊዜ አጎቴ ከሩቅ አዩኝ። «ጎሽ» አሉ፣ «ጅራቷ በቀለ!»